የእንጨት ኅትመት ሥዕል ለሐዲያና ለከምባታ ከተሞች

በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጡት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ማኅተም የሚከበር የለም። ደብዳቤው በመልካም ቋንቋ ቢጻፍ፣ በኮምፒዩተርም ተስተካክሎ ቢወጣ፣ ማኅተም ካላረፈበት ባለጉዳዩ ይዞት አይሄድም። ይሁን እንጂ ማኅተሙን በየቀኑ ከምናነሣውና ከምናሳርፈው መካከል ገልብጦ ፊቱን ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። የተመለከተ ሰው ግን ብዙ ነገር ይማርበታል። ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ ተቀርጿል፤ ቀለም የሚይዘው ጎልቶ የቀረው ነው፤ የተቦረቦረው ቦታ በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ጊዜ የተቀረጸውም መቶ ጊዜ ቢያርፍ መቶውም አንድ ዓይነት ነው።

የኅትመት ሥዕል የሚባለው ጥበብ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ሠዓሊው ሸራ ወጥሮ በብሩሽ እንደ መቀባት ፈንታ ሐሳቡን በጣውላ ላይ ይቀርጻል፤ ቀለም ያለብሰዋል፤ ወረቀት ያሳርፍበታል፤ ወረቀቱንም ሲያነሣ ሥዕሉን ያገኛል። ከዚያም ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ሃያኛውን ያትማል። በሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል አንድ ስለ ሆነ የሚሰቀለው በአንድ ሰው ቤት ብቻ ነው። የኅትመት ሥዕል ግን በአስተማሪው ቤት፣ በክሊኒኩ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤትና በቡና ቤቱ በአንድ ቀን ሊሰቀል ይችላል። ሃያዎቹም እያንዳንዳቸው ከሠዓሊው እጅ የወጡ ናቸው እንጂ የሌላ ሥዕል ግልባጭ አይደሉም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ጥበብ የመጀመሪያ ደረጃ አሠራር ነው። ደግሞም ለሆሣዕና፣ ለዱራሜ፣ ለሾኔ፣ ለአንጋጫና ለሺንሺቾ ወጣቶች ከሌሎች የሥዕል ዘዴዎች ይልቅ ይህኛው ስለሚስማማበት ምክንያት እንነጋገራለን።

አራቱ መንገዶች

የኅትመት ሥዕል ዘዴዎች ብዙ ቢሆኑም በአራት ወገን ይጠቃለላሉ። አንደኛው የጉልህ ኅትመት ነው፤ እንደ ማኅተሙ ጎልቶ የቀረው ክፍል ቀለም ይይዛል። ሁለተኛው የጎድጓድ ኅትመት ነው፤ በዚህኛው ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የመዳብ ወይም የዚንክ ሰሌዳ በመርፌ ይጫራል፣ ወይም በአሲድ ይበላል፤ ቀለሙ በጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ፊቱ ይወለወላል፤ ከዚያም ርጥብ ወረቀት በከባድ መጭመቂያ ሲጫነው ቀለሙን ከጎድጓዱ ውስጥ መጦ ያወጣዋል። ሦስተኛው የድንጋይ ኅትመት ነው። ዘይትና ውሃ እንደማይዋሐዱ በመረዳት ጀርመናዊው አሎይስ ዜነፌልደር እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጨረሻ ያገኘው ዘዴ ነው። አራተኛው የወንፊት ኅትመት ሲሆን፣ ቀለም በተወጠረ ስስ ጨርቅ ቀዳዳዎች ውስጥ እየሾለከ ይታተማል። ይህን አራተኛውን ማንኛውም የከተማ ልጅ ያውቀዋል፤ የስፖርት ማልያና የበዓል ካናቴራ የሚታተመው በዚሁ ነው።

ከአራቱ መካከል መዳቡ አሲድና መጭመቂያ፣ ድንጋዩም ልዩ ድንጋይና ከባድ መኪና ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ግን ከአናጢ ቤት የተረፈ ጣውላ፣ ስለታም መሮና አንድ የወጥ ማንኪያ ይበቃዋል። ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው ከጉልህ ኅትመት፣ ይልቁንም ከእንጨት ቅርጽ ነው።

ከሩቅ አገር እስከ አዲስ አበባ

የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ጥንታዊ ነው። በቻይና እ.ኤ.አ. በ868 የታተመው የቡድሃ ሃይማኖት መጽሐፍ መግቢያው ላይ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ሥዕል አለው። ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር የዮሐንስን ራእይ በእንጨት ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1498 ባሳተመ ጊዜ ስሙ በአውሮፓ ተሰማ። የጃፓኑ ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው የታላቁ ማዕበል ሥዕልም እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። በጃፓን ሥዕሉን የሚነድፈው አንድ ባለሙያ፣ እንጨቱን የሚቀርጸው ሌላ፣ የሚያትመውም ሌላ ነበር። ይህ የሥራ ክፍፍል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ለሚሠሩ ወጣቶች መልካም ምሳሌ ነው።

የግዕዝ ፊደልም ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ የታተመው በሮማ ከተማ ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ባሳተመ ጊዜ ነው። በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ነገር ግን ማተሚያ ቤት መኖሩና የኅትመት ሥዕል መኖሩ ለየቅል ነው። ጋዜጣና መጽሐፍ ስናትም ቆይተን፣ ኅትመትን ለሠዓሊ መሣሪያ ያደረግነው ዘግይተን ነው።

በ1950 ዓ.ም. በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው የሚጠራው ይኸው ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ድረስ ካርል ሃይንዝ ሃንሰን የተባሉ ሠዓሊ በዚሁ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተማሩ። እኒህ ሰው በሐምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1915 የተወለዱ ጀርመናዊ ነበሩ፤ ወደ ብራዚል ተሻግረው ባሂያ በተባለው ግዛት ስለ ኖሩና አገሩን ስለ ወደዱት የግዛቱን ስም ከስማቸው ጋር አያይዘው ሃንሰን ባሂያ ተባሉ። በአገራችን የቆዩት ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ዘሪሁን የትምጌታ ጥበቡን ተቀብለው በእንጨት ቅርጽ ሥራዎቻቸው ታወቁ። የኢትዮጵያን የጥንት ሥዕልና የጥልሰም ጥቅልል ምልክቶች ከአዲሱ ዘዴ ጋር አዋሐዱ፤ በኋላም በቀርከሃ ፍልጥና በፍየል ቆዳ ላይ በሠሯቸው ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር በተደረገው የአፍሪካ የሥነ ጥበብ ትርኢት ተሸላሚ ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። አንድ መምህር ሦስት ዓመት ያህል ቢያስተምር ጥበቡ በአንድ አገር ሥር ይሰዳል። ለአዲስ አበባ ይህ ከሆነ፣ ለሆሣዕና የማይሆንበት ምክንያት የለም።

አሠራሩ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጀማሪው በመጀመሪያ እንጨቱን ይመርጣል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ ለመቅረጽም ይጠነክራል። ዋንዛ ግን ለመሮ የሚታዘዝ እንጨት ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ዋንዛ ያጣ ሰው ከአናጢ ቤት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ቢለምን ይበቃዋል። ለሕፃናት ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ድንች የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ለጫማ ሶል የሚሆን ለስላሳ ጎማ ሁለተኛው ነው። የእንጨቱ ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ምክንያቱም በላዩ የቀረ ጭረት ሁሉ በወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ ንድፉ ይዘጋጃል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ ይኸውም መገልበጡ ነው። በእንጨቱ ላይ በስተቀኝ ያለው በወረቀቱ ላይ በስተግራ ይወጣል። ተራራና ዛፍ ቢገለበጥ ምንም አይደለም፤ ፊደል ግን አይምርም። «በ» በመስታወት ፊት ብትቆም ያው «በ» ናት፤ «ቡ» ግን በስተቀኝ የሚገባት ጭረት ወደ ግራ ይዞርና ፊደል መሆኗ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ንድፉን በስስ ወረቀት ሠርቶ፣ ወረቀቱን ገልብጦ፣ ከሥሩ ካርቦን አድርጎ በእንጨቱ ላይ ማስተላለፍ ነው። የተጠራጠረም ሰው እንጨቱን በመስታወት ፊት ይዞ ቢያየው ታትሞ የሚወጣውን መልክ አስቀድሞ ያየዋል።

ሦስተኛው ሥራ መቅረጹ ነው። ሁለት ወይም ሦስት መሮ ይበቃል፤ አንዱ አፉ ሹል ሆኖ ስስ መስመር የሚያወጣ፣ ሌላው አፉ ጎድጎድ ብሎ ሰፊውን ቦታ የሚያነሣ ነው። በዚህ ጊዜ ማሰብ የሚገባን በተቃራኒው ነው። በእርሳስ ስንሥል የምንጨምረው ጥቁርን ነው፤ በመሮ ስንቀርጽ ግን የምንጨምረው ብርሃንን ነው። የነካነው ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ የተውነው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀራጩ መሮውን ከማሳረፉ በፊት «ብርሃኑ ከወዴት ይመጣል?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። አንዴ የተነሣ እንጨት ተመልሶ አይለጠፍምና፣ የልምድ ሰዎች ከሚፈልጉት ትንሽ አሳንሰው ይጀምራሉ።

የእንጨቱ ጅማት የሚሄድበትን አቅጣጫ ማወቅም ያስፈልጋል። ከጅማቱ ጋር የሄደ መሮ ይንሸራተታል፤ ጅማቱን አቋርጦ የሄደ ደግሞ አሰልችቶ አስቸግሮ ይሰብረዋል። ከሁሉም በላይ መታሰብ ያለበት ግን እጅ ነው። እንጨቱን የያዘው እጅ ምን ጊዜም ከስለቱ በስተኋላ መሆን አለበት። እንጨቱ እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ አንድ ስስ ሞራሌ የተመታበት ሰሌዳ በጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ በእርሱ ላይ ማስደገፍ ነው። የደነዘ መሮ ከስለታሙ ይልቅ አደገኛ መሆኑንም አናጢዎች ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ኃይል ስለሚጠይቅ ያመልጣል።

አራተኛው ቀለም ማልበስ ነው። የማተሚያ ቤት ቀለም ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘም የጥንት አታሚዎች ጥቀርሻን ከተፈላ የተልባ ዘይት ጋር ለውሰው ይሠሩበት ነበር፤ ተልባም ጥቀርሻም በአገራችን ሞልቷል። ዘይቱን ማፍላት ግን እሳት የሚያስነሣ ሥራ ስለ ሆነ ከቤት ውጭ፣ በትልቅ ሰው ዓይን ሥር መሆን አለበት። ቀለሙ በመስታወት ላይ ትንሽ ተደርጎ በጎማ ሮለር ስስ እስኪሆን ይዘረጋል። ሮለር የሌለው በጨርቅ የተጠቀለለ ጥጥ አድርጎ በመደብደብ ያለብሰዋል። ብዙ ቀለም የሥራ ጠላት ነው፤ በስስ መስመሮቹ ውስጥ ገብቶ ይደፍናቸዋል።

አምስተኛው ማተሙ ነው። ወረቀቱ ከአንድ ወገን ጀምሮ በቀስታ ያርፋል፤ ካረፈ በኋላ አይንቀሳቀስም። ከዚያም በማንኪያ ጀርባ ከመካከል ወደ ዳር ክብ እየሠሩ መፈተግ ነው። አንዱን ጥግ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ቀለሙ የሳሳበት ቦታ ካለ መልሶ ማሳረፍና መድገም ነው። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ሲነሣና የተገለበጠው ሁሉ ተቃንቶ ሲታይ፣ ያን ጊዜ ቀራጩ ሁሉ እንደ ሕፃን ይደሰታል። የመጀመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ሙከራ ነው፤ በእርሱ ላይ ጉድለቱ ይታያል፣ እንጨቱም ይታረማል። የታተመው በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ይሰቀላል። በዘይት የተሠራ ቀለም እንደ ሆሣዕና ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ፣ ይልቁንም በክረምት፣ ቶሎ ስለማይደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ዕቃው በላምባ በራሰ ጨርቅ ይወለወላል፤ ይህም ከእሳት ርቆ መስኮት ተከፍቶ የሚደረግ ነው።

በቀለማት ማተም የፈለገ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ እንጨት ይቀርጻል። ወይም አንዱን እንጨት ብቻ ይዞ፣ የመጀመሪያውን ቀለም በወረቀቶቹ ሁሉ ላይ ካተመ በኋላ፣ ያንኑ እንጨት እንደገና ቀርጾ ሁለተኛውን ቀለም በላዩ ያትማል። በዚህ በሁለተኛው ዘዴ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሥራው ሲያልቅ እንጨቱም አልቋል።

የመጨረሻው ሥራ የእጅ ሳይሆን የሕሊና ነው። ሠዓሊው ስንት እንደሚያትም አስቀድሞ ይወስናል፤ ሃያ ከሆነ ከእያንዳንዱ ሥዕል በታች በስተግራ በእርሳስ 1/20፣ 2/20 እያለ ይጽፋል፤ በስተቀኝ ይፈርማል። ሃያ ብሎ የጻፈ ሰው ሃያ አንደኛውን በሥውር ቢያትም፣ በሐሰተኛ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ካሳረፈ ሠራተኛ አይሻልም።

ከግድግዳ ወደ ጣውላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የሐዲያ፣ የከምባታና የሐላባ ሕዝብ ከሥዕል ጋር ለመተዋወቅ መምህር አያስፈልገውም። በዚያ አገር የጎጆ ግድግዳ መሣል የቆየ ልማድ ነው፤ በተለይ የሐላባ ቤቶች በዚህ የታወቁ ናቸው። ሦስት ማዕዘኑ፣ ክቡ፣ እንደ መሰላል የተደራረበው መስመር፣ ዛፉና እንስሳው በቀይ፣ በጥቁርና በነጭ ተለይቶ በግድግዳው ላይ ይወጣል። ልብ ብሎ ላየው ሰው ይህ አሣሣል ከእንጨት ቅርጽ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለቱም ጥላን በማደብዘዝ ሳይሆን ቦታን በመከፋፈል፣ ነጩን ከጥቁሩ ፊት ለፊት በማቆም ይናገራሉ።

ነገር ግን የግድግዳ ሥዕል ዕድሜው የግድግዳው ዕድሜ ነው። የሣር ክዳን ጎጆ በቆርቆሮ ቤት፣ የጭቃውም ግድግዳ በሲሚንቶ እየተተካ ነው። ይህ መሻሻል ነውና ማንም አይቃወመውም፤ ቆርቆሮ ዝናብ አያፈስም፤ ሣር እንደ ልብ አይገኝም። ጥያቄው አሮጌው ቤት በፈረሰ ጊዜ ሥዕሉ ወዴት ይሄዳል? የሚለው ነው። ጎጆው በፈረሰ ቁጥር በሌላ ቦታ ያልተመዘገበ አንድ ንድፍ አብሮ ይፈርሳል።

«በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት አይበቃምን?» የሚል አይጠፋም። ፎቶግራፍ ማንሣት መልካም ነው፤ ይነሣም። ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያስቀምጠው የሥዕሉን መልክ እንጂ ሙያውን አይደለም። አንድ ወጣት የአያቱን ቤት ግድግዳ በጣውላ ላይ ለመቅረጽ ሲቀመጥ፣ መስመሩ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ቀዩ ከጥቁሩ አጠገብ ለምን እንደ ተቀመጠ መጠየቁ ግድ ነው። መልሱን የሚያገኘውም ከሣሉት ሰዎች አፍ ነው። እንዲህ ሲሆን እጁ ይማራል፤ እጅ የተማረውን ደግሞ ለሌላ ያስተምራል፤ አዲስ ነገርም ይጨምርበታል። ይሁን እንጂ የሌላውን ሰው ግድግዳ የቀረጸ ወጣት የባለቤቱን ስምና ቀበሌውን ከሥዕሉ በታች የመጻፍ፣ ፈቃድም የመጠየቅ ግዴታ አለበት። አለዚያ የማስታወስ ሥራ መሆኑ ቀርቶ መውሰድ ይሆናል።

ከግድግዳው ሌላ የሚቀረጽ ነገርም ሞልቷል። የእንሰት ቅጠል ከመካከለኛው አጥንት ወደ ዳር የሚሮጡት መስመሮቹ ለመሮ የተነደፉ ይመስላሉ። የሐምበሪቾ ተራራ፣ የገበያ ቀን፣ የሐዲያ ያሆዴ በዓል፣ የቆጮ ፍቂያ ሥራ ሁሉ ቀራጩን ይጠብቃሉ። የእንሰት ቃጫ ራሱ ለወረቀት ሊሞከር ይገባዋል። የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ የሻይ ከረጢትና ሌላ ጠንካራ ወረቀት ይሠራበታልና፣ በቤተ ሙከራ ለሚሠሩ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህ ጥሩ የምርምር ርእስ ነው።

ከዋና ከተማ መራቅ እንቅፋት ነውን?

አንዳንድ ወጣቶች ሥነ ጥበብ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው ይላሉ። የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፔደርና ኡላ ጎዌኒየስ የተባሉ ስዊድናዊ ባልና ሚስት፣ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ሮርክስ ድሪፍት በተባለ የገጠር ሚሲዮን የእጅ ጥበብ ማዕከል አቋቋሙ። በዚያ ዘመን የዘር ልዩነት ሥርዓት ለጥቁሩ ሠዓሊ የትምህርት በር ዘግቶበት ነበር። አዛሪያ ምባታና የናሚቢያው ጆን ሙዋፋንጄዮ ግን በዚያ ገጠር የወለል ሊኖሊየም በመቅረጽ ተምረው ሥራቸው በዓለም ታወቀ። ርካሽ ዕቃና አንድ ክፍል፣ ቋሚ መምህርም ነበራቸው።

ሆሣዕና ከዚህ የበለጠ አላት። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆችም ትምህርት ቤት አላት። በቃል ከማስረዳት ይልቅ በእጅ በማሳየት የሚተላለፍ ጥበብ ለእነዚህ ልጆች ከማንም በፊት ሊደርሳቸው የሚገባ ነው። አናጢና የማኅተም ቀራጭም በየከተማው ይገኛል፤ ሁለቱም መሮንና መገልበጥን ከማንም በተሻለ ያውቃሉና እንደ መምህር ሊጠሩ ይገባል።

ሌላው ተቃውሞ የእንጀራ ነው። ሥራ ላጣ ወጣት ሥዕል ምን ይረባዋል? ይህ ጥያቄ አይናቅም። የኅትመት ሥዕል ማንንም ባለጸጋ አያደርግም። ሆኖም አንድ ሸራ በውድ ዋጋ ገዝቶ የሚሰቅል ሰው በሾኔ ወይም በዱራሜ መፈለግ ከባድ ሲሆን፣ ሃያ ሰዎች አንዳንድ ኅትመት በመጠነኛ ዋጋ ይገዙ ዘንድ ተስፋ ማድረግ ይቻላል። የሠርግ ጥሪ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የበዓል ካርድም በዚሁ እጅ ይሠራል። በክልሉ አዲስ የተከፈቱ መሥሪያ ቤቶችም ግድግዳቸውን በባዕድ አገር ፏፏቴና በንግድ ቤት ካላንደር ከመሸፈን፣ የአገሩን ልጅ ሥራ ገዝተው ቢሰቅሉ ለእነርሱ ክብር፣ ለሠሪውም ራት ይሆናል።

ስለዚህ ለመጀመር ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆን አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አምስት መሮ፣ አንድ ሮለር፣ ጥቂት የማተሚያ ቤት ቀለም ካለ ማኅበሩ ቆሟል። የትምህርት ባለሥልጣን ክፍሉን ይፍቀድ፤ ወጣት ሠራተኞች ከደመወዛቸው ለቀለም ያዋጡ፤ አናጢው ቁራጩን አይጣል፤ ተማሪውም የአያቱን ግድግዳ ሳይፈርስ ሄዶ ይየው። የተቀረጸ እንጨት ቤቱ ከፈረሰ በኋላም ያትማል።